አደ ናኦሚና ሃያ አንዱ ቡሉኮ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ በየእድሩ አንድ አስፈራሽ አይጠፋም። ቤት የሚያስፈርሰውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ደብዳቤ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የምለው፣ ሥራችሁን ጨርሳችሁ፣ ላባችሁን ጠርጋችሁ፣ ተመስገን ብላችሁ ልትቀመጡ ስትሉ ከኋላ መጥቶ አንዴ የሚያይና "እንደገና!" የሚለውን ሰው ነው። የለቅሶ ድንኳን ስትተክሉ ካስማው ጠሟል ይላል። አግዳሚ ወንበር ስትደረድሩ መስመሩ ተንጋዷል ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ሰፈር የለም ብለው የሚኩራሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሄጄ አይቻለሁ፤ ወንበሮቻቸው ሁሉ እንደተንጋደዱ ናቸው።

የነቀምቴ አስፈራሽ ክብርት ወይዘሮ ናኦሚ ዋቅወያ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም አደ ናኦሚ ይላቸዋል፤ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሆም ኢኮኖሚክስ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል ይባላል። ይባላል የምለው ማስተማሩን ሲያቆሙ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። የተቀየረ ነገር ቢኖር፣ ድሮ ተማሪው ወደ ክፍል ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ክፍሉ ወደ ተማሪው ይመጣል።

የሥራ መሣሪያቸው ሁለት ጣት ነው፤ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት። ስፌት ሲያገኙ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በእነዚህ ጣቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሱታል። ያን ጊዜ ፊታቸው ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ይሆናል። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ፍርዱን ይሰጣሉ።

"ይተርተር።"

በቃ። ቁጣ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ ይግባኝ የለ።

እኔ ተካ፣ በዚህች ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለኝ፣ አባቴ ከሸዋ በሹፌርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ የፍርዱ የመጀመሪያ ሰለባ ባልሆንም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መሐረብ ሰባት ጊዜ አስተርትረውኛል። በስምንተኛው ጨርቁ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ተቀደደ። "መምህር፣ ጥፋቱ የጨርቁ ነው" ብዬ ብሟገት፣ "ጨርቅ አያጠፋም፤ ሰው ነው የሚያጠፋ" አሉኝ። ከክፍሉ ግድግዳ ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ "ሜትር አይዋሽም" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የመለኪያ ሜትራቸውም ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሌላው ሰው መስቀል ወይም ሐብል በሚያደርግበት ቦታ እሳቸው ሜትር ያደርጉ ነበር።

አንድ ጊዜ የዘመዳቸው ልጅ ስታገባ ሙሽራዋን እቅፍ አድርገው ሳሟት። ሲስሟት ጣታቸው ሳያስቡት (ሳያስቡት ይላሉ) የቬሎውን የጀርባ ስፌት ተከትሎ ወረደ። ከዚያ በሙሽራዋ ጆሮ አንዲት ቃል ሹክ አሉ። ሙሽራዋ አንድ ሰዓት ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ተሰፋላት። በሠርጉ አልበም ላይ ኬኩን ብቻውን የሚቆርሰው ሙሽራ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የእሷ ነው።

ሌላም ሕግ አላቸው። መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት እሳቸው አይደሉም። "መምህር ይሰፋል፤ ተማሪ ክር ያስገባል" ይላሉ። አጠገባቸው የተገኘ ሁሉ ተማሪ ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ አንዴም ሊባርኳቸው የመጡ ፓስተር መርፌና ክር ተሰጥቷቸው "የእጅዎን ጽናት ልይ" ተብለዋል። ፓስተሩ አራት ጊዜ ስተው በአምስተኛው ሲያስገቡ "እግዚአብሔር ይመስገን" ያሉት ከልባቸው ነበር።

እንግዲህ እኚህ ናቸው በየካቲት ወር በአኖ ከተማ አጠገብ ያለችው ቡርቃ ጋሪ የምትባል መንደር ተቃጠለች ሲባል "እኔ ልሂድ" ያሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን ሊያጸዳ የለኮሳት እሳት ነፋስ አገኘች። ደረቁን ሣር ይዛ ኮረብታውን ወጣች፤ ከኮረብታው ወደ መንደሩ ወረደች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሃያ አንድ የሣር ክዳን ቤት አመድ ሆነ። ሰው አልሞተም፤ ከብቱም አብዛኛው ተርፏል። ጎረቤት ቀበሌ በደቦ ወጥቶ እንጨት ቆረጠ፣ ቆርቆሮ ተዋጣ፣ በቆሎ ተጫነ። ልብስ ግን ማንም አላሰበም። እሳት ሲመጣ ሰው ልጁንና ከብቱን ያወጣል፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ የሚወጣ የለም።

አደ ናኦሚ ሄደው ሃያ አንዱንም አባወራ አንድ በአንድ አነጋገሩ። ሌሎች እርዳታ አስተባባሪዎች ቅጽና እስክሪብቶ ይዘው ሲሄዱ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ነበር የሄዱት፤ ስሙን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ተመለሱ። በመንደሩ መጨረሻ፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ ሊሊሴ የምትባል የአሥራ አምስት ቀን አራስ በሸራ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ልጁ የተወለደው ከእሳቱ በኋላ ነው። ሊሊሴ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው እንዲህ አለቻቸው፦

"አደ፣ የመጣ ሁሉ መዝግቦን ይሄዳል። የሚመለስ ነው የጠፋው።"

"እኔ አልመዘገብኩሽም" አሏት አደ ናኦሚ። "ዝናብ ሳይገባ እመለሳለሁ።"

ነቀምቴ እንደተመለሱ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። የራሳቸውን የሴቶች ማኅበር ብቻ ሳይሆን የማርያም ማኅበርተኞችንም ጠሩ፤ ባለቤቴ ኢትዮጵያ ከእነሱ አንዷ ናት። አጀንዳው ቡሉኮ ነበር። ቡሉኮን ለማያውቅ፦ ጋቢ ሲጎለምስ የሚሆነው ነው። በእጅ በተፈተለ ማግ ይሸመናል፤ እንደ ጋቢ ተደርቦ ይሰፋል፤ ክብደቱ ሲያርፍባችሁ ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከሐሳብም ይከልላል።

አንድ ሰው ተነሥቶ የገበያው ብርድ ልብስ ቶሎ ይደርሳል፣ ይቀላልም አለ። አደ ናኦሚ "መቅለሉንስ ይቀላል" አሉ። "አንተ አንድ የሐምሌ ሌሊት እሱን ለብሰህ እደር። ጠዋት እንነጋገራለን።" ሰውዬው ተቀመጠ።

ከዚያ ሕግ አወጡ። ሃያ አንዱም ቡሉኮ እኩል ይሆናል፤ ሃያ አንዱም አንድ ቀን ይሄዳል። "ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያለያይ ስጦታ ስጦታ አይደለም። ወይ ሃያ አንድ፣ ወይ ዜሮ።" ቁራጭ ከቁራጭ የተገጠመ ቅጥልም ክልክል ሆነ። "ቅጥል ለጆንያ ነው" አሉ። ስብሰባው ላይ የተገኙት የወረዳ ሰው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ፣ አደ ናኦሚ መርፌና ክር ሰጧቸው። ንግግሩ በዚያው ቀረ።

ፈተላው ተጀመረ። ለአንድ ወር ያህል ነቀምቴ ውስጥ እንዝርት የማይሾርበት ግቢ አልነበረም። ቤቴ ገብቼ የምቀመጥበት አጣሁ፤ ባዘቶ ያልያዘው ወንበር የለም። የሁለቱ ማኅበር ሴቶች በፍቅር ፈተሉ፤ በፍቅርም ተናቆሩ። የማርያም ማኅበርተኞች የእነዚያ ክር ወፈረ አሉ፤ እነዚያ ደግሞ የእነዚህ ክር ቀጠነ አሉ። አደ ናኦሚ የሁሉንም ልቃቂት በጣታቸው እያሻሹ ከሁለቱም ወገን እኩል መለሱ። በዚህ ከተማ ከዚያ የተሻለ እኩልነት አይቼ አላውቅም።

ሸማኔው ተረፋ ነበር። ተረፋን ያየ አይረሳውም፤ ቆሞ ሳያጎነብስ ጉልበቱን የሚያክ ሰው ነው። እንደ ቁመቱ ንግግሩ ረጅም አይደለም፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ በዓል ነው። ማጉን በባጃጅ ጭኜ ከአደ ናኦሚ ጋር የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሱ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠን።

"አንዱ ቡሉኮ ሃያ ክንድ ይሁን" አሉት።

ተረፋ አሰበ። "በማን ክንድ፣ አደ?" አለ።

"በማን ክንድ ማለት ምን ማለት ነው? ክንድ ክንድ ነው!"

ተረፋ ወደ ሽመናው ጎነበሰ። እኔ ግን አንገታቸውን አየሁ፤ ሜትሩ የለም። "ሜትሩስ?" አልኳቸው። "ቤት ቀረ" አሉኝ። ሜትራቸው ቤት ሲቀር በሕይወቴ አላየሁም ነበር። ይሁን ብዬ ተውኩት። ሰው ሲያረጅ ሜትሩም ጡረታ ይወጣል ብዬ አሰብኩ።

ተረፋ ከወንድሙ ጋር ሁለት የሽመና ዕቃ ዘርግተው ሠሩ። የተሸመነው እየመጣ እኛ ሰፋን። እኛ ማለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነን፤ ሦስት ወንዶችና ብዙ ሴቶች። አዳራሹ ውስጥ ወንበራችን ሳይቀር የተደረደረው እንደ ክፍል ነው። የመጀመሪያዬን አራት ጊዜ አስተረተሩኝ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ፤ የልጅ አባት ነኝ፤ ግብር ከፋይ ነኝ። "አደ፣ ይሄ ሌሊት የሚለበስ ነገር ነው፤ ማን ያየዋል?" አልኳቸው። "የሚለብሰው ሰው ያየዋል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የተሰጠውን ነገር እያገላበጠ እንደሚያይ አታውቅም" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ተረተርኩት።

የአይሱዙ መኪናው ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጠረ። ሚያዝያ ገብቶ ደመናው በየከሰዓቱ እየተሰበሰበ ነበር። ረቡዕ ዕለት ተረፋ አዳራሹ በር ላይ ቆመና የዕለቱን ቃላት ተናገረ።

"ማጉ አለቀ። አሥራ ሰባት ነው።"

አራት ጎደለ። የአራት ቤት ሰው። ከነዚያ አንዷ ሊሊሴ ናት፤ አደ ናኦሚ ስሞቹን የሚጠሩት እንደ ቤቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ የመንገዱ ጫፍ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ብጽፈው ሁለቱም ማኅበር ይቀየሙኛል። በአጭሩ፣ አንዱ ወገን ክሩን ስላወፈራችሁት ነው አለ፤ ሌላው ወገን ከተሰጣችሁ ጥጥ ግማሹ የት ሄደ አለ። አንዲት ሴት ልቃቂት ውስጥ ድንጋይ ጠቅልሎ ማምጣትም የታወቀ ነገር ነው ብላ ወደ ጣሪያው እያየች ተናገረች። አደ ናኦሚ ራሳቸው "ማጉን የት አደረስከው?" ብለው ተረፋን በሰው ፊት ጠየቁት። ተረፋ ወለሉን አየ።

አራት ብርድ ልብስ ከገበያ ገዝተን እንሙላው የሚል ሐሳብ መጣ። "ወይ ሃያ አንድ፣ ወይ ዜሮ" አሉ አደ ናኦሚ። እውነት ለመናገር ያን ሰዓት ጠላኋቸው። ዝናብ ደጅ ላይ ቆሞ፣ አሥራ ሰባት ቡሉኮ ተዘጋጅቶ፣ በአንዲት ሴት እልኸኛነት ማንም ሳይለብስ ሊቀር ነው። በልቤ እንዲህ አልኩ፦ የሰው ሥራ ሲያስተረትሩ ኖረው ይኸው የመንደር ተስፋ ሊያስተረትሩ ነው።

ነገሩን ያወጣችው ኢትዮጵያ ናት። የተጠናቀቀ አንድ ቡሉኮ በሌላ ነገር ተናዳ ገልጣ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ግራና ቀኙ ወለል ነካ።

"ተካ" አለችኝ፣ "ይሄ ብርድ ልብስ ነው ወይስ ድንኳን?"

ሁላችንም መጣን። ለካ እኛ ታጥፎ መጥቶ ታጥፎ ሲሰፋ፣ ታጥፎም ሲከመር እንጂ ተዘርግቶ አላየነውም። ከብዷል ስንል ተባረከ ማለታችን ነበር። ከሱቄ ሜትር አስመጣሁና ለካሁት። ቡሉኮው ከታሰበው ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ተጨምሮበታል። ሁሉም ወደ ተረፋ ዞረ።

ተረፋ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "አባቴ ክንድ ሲሰጠኝ አስረዝሞ ሰጠኝ።"

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። "በማን ክንድ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ የተመለሰለትንም ሰምቻለሁ። አፌን ልከፍት ስል አደ ናኦሚ ተነሡ። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ክርናቸውን አስቀመጡ። "ና ተረፋ" አሉት። "ክንድህን ከክንዴ ጎን አድርግ።" አደረገ። የእሳቸው ጣት ያበቃው የእሱ መዳፍ ላይ ነው፤ የእሱ ጣቶች በሙሉ ትርፍ ናቸው። አደ ናኦሚ በሁለት ጣታቸው ያን ትርፍ ዳሰሱት።

"ዲፈማ፣ ተረፋ" አሉት፤ ይቅርታ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ደገሙት። "ጠይቆኝ ነበር። ሳላደምጠው ክንድ ክንድ ነው አልኩት። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የመምህርቷ ነው። ሴቶችንም በከንቱ አስጣልቻለሁ።"

በሠላሳ ስምንት ዓመት ትውውቃችን አደ ናኦሚ ተሳሳትኩ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት ደግሞ መጨረሻም እንዳይሆን ፈርታ መሰለኝ ማልቀስ ጀመረች።

"ይተርተር" አሉ አደ ናኦሚ።

"የትኛው?"

"ሁሉም።"

ሂሳቡን በጭንቅላታቸው ሠርተው ጨርሰውት ነበር። ከእያንዳንዱ ቡሉኮ ጫፉ ተተርትሮ ትርፉ ይቆረጣል። አሥራ ሰባት ቁራጭ ይገኛል። አራት አራቱ ሲቀጠል አራት ቡሉኮ ይወጣዋል፤ አንድ ቁራጭም ይተርፋል። "ቅጥል ለጆንያ ነው ብያለሁ" አሉ። "አሁን ለሰው እንዲሆን አድርገን እንሰፋዋለን።" የማርያም ማኅበርተኞች ሊቀመንበር "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ብላ መቀሷን አነሣች። ልቃቂትና ድንጋይ ያለችዋ ሴት ከወነጀለቻቸው ሴቶች መካከል ተቀምጣ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ተረተርን፤ ሰፋን።

ሐሙስ ከሰዓት እጄ የገባው ቡሉኮ አደ ናኦሚ በገዛ እጃቸው የሰፉት ነበር፤ ጫፉ ላይ በነጭ ክር የራሳቸው ምልክት አለበት። የፈጣሪን ምስጢር ያገኘሁ መሰለኝ። የመምህሬን ስፌት ከውስጥ ላየው ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነገር ነው። ማጠፊያውን ገለጥኩት።

ስፌቱ ከመስመሩ ወጥቷል። ጥቂት አይደለም፤ አምሽቶ እንደሚገባ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ቦታ ጭራሽ ጨርቁን ስቶ አየር ሰፍቷል።

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣልኝ። ክር በሰው እጅ የሚያስገቡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዳስሱት፤ ቡርቃ ጋሪ ወረቀት ሳይዙ የሄዱት። ሜትሩ ቤት የቀረው። ሜትር አይዋሽም፤ ቁጥሩን ማንበብ ላልቻለ ግን ምንም አይነግረውም። አደ ናኦሚ አያዩም ነበር።

"ተካ፣ መቀስህ ዝም አለ" አሉኝ ከአጠገቤ።

"አዎ፣ አደ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የኔ ነው የደረሰህ፣ አይደል?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንዴት ነው?"

ይህን ጥያቄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ስለዚያ መሐረብ፣ ስለ ሰባቱ ጊዜ፣ በክፍል ልጆች ፊት ስለ ቀላው ጆሮዬ። አሁን መጣና አልፈለግሁትም። ጥሩ ነው ማለት እችል ነበር። ከተማው በሙሉ ጥሩ ነው ይላቸው ነበር። ግን እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው እውነት እንዲነግራቸው እንጂ እንዲያዝንላቸው አልለመኑም፤ እኔም ብዋሽ በድምፄ ያውቁታል።

"ይተርተር፣ አደ" አልኳቸው።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። "ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ" አሉ፣ "ይኸው አንድ ተማሪ አፈራሁ።"

"ሐኪም አይተዋል?"

"ሞራ ነው አለ። ይገፈፋል፣ ቀላል ነው አለ። ወጣት ነው። ዓይኔን ከነካ በኋላ የእሱን ሥራ ማን ያይልኛል? እኔ እንደሆንኩ ዓይኔ ታሽጎ ነው።" ቡሉኮውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ስጠኝ፤ የራሴን ራሴ እተረትራለሁ። አንተ ክር አስገባልኝ።" አስገባሁ። ሦስት ጊዜ ስቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልገሠጹኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ አንድ ቡሉኮ ተጭኖ ሄደ። መንገዱ ጉድጓድ ነው በሚል ሰበብ ክንዳቸውን ይዤ ከቤት ቤት ወሰድኳቸው። ስም ዝርዝር የያዘ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው፣ ትከሻውን በእጃቸው ፈልገው፣ ራሳቸው አለበሱት። የመንገዱ ጫፍ ስንደርስ ሊሊሴ ግድግዳው ገና ባልተመረገ ቤት በር ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

"ተመለሱ!" አለች።

"ብዬሽ ነበር" አሉ አደ ናኦሚ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናዘዙ። "ይሄ ቅጥል ነው። አራት ቁራጭ ነው። መለኪያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሊሊሴ ቡሉኮውን እያገላበጠች አየችው፤ ልክ አደ ናኦሚ አዳራሹ ውስጥ እንዳሉኝ። በመጋጠሚያው ላይ ጣቷን አሳለፈች። "ይሞቃል?" አለች።

"ይሞቃል።"

"እንግዲያ ምኑ ጎደለ?"

የተረፈውን አሥራ ሰባተኛውን ቁራጭ አደ ናኦሚ ከጉያቸው አውጥተው ልጁን ጠቀለሉበት። ዙሪያው ተዘምዝሟል። ማን ዘመዘመው አትበሉኝ፤ በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ ጊዜ የተረተርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳያዘኝ። ስንመለስ አኖን ሳናልፍ ዝናቡ ወረደ። አደ ናኦሚ ጋቢና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

ሞራው በግንቦት ተገፈፈ። ሐኪሙን መጀመሪያ መርፌ ክር አስገባ እንዳሉትና በአንዴ እንዳስገባ ከታማኝ ምንጭ ሰምቻለሁ፤ ምንጩ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው እኔ ነኝ። የዓይናቸው መሸፈኛ በሚነሣበት ቀን ጠዋት የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ ወልቆ ነበር። ኢትዮጵያ ልትተክልልኝ ስትል ተይው አልኳትና ራሴ ተከልኩት። አጣምሜ ተከልኩት። "ጤና የለህም እንዴ?" አለችኝ።

ነርሷ ጨርቁን አነሣችላቸው። አደ ናኦሚ ብርሃኑን ለመዱት፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። "አርጅተሃል፣ አንተ ተካ" አሉኝ። እኔ ደረቴን ነፋ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩላቸው። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ አንገቴ ወረደና እዚያ ቆመ።

"ይተርተር" አሉ።

እዚያው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተረተርኩት። ክሩን ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው።